ትራስ አቅፎ መነሳት

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ መርፌ» የሚላቸው ሽማግሌ ልብስ ሰፊ፣ ከባድ የሆድ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ወዲህ ማገገሚያ ቤት ገብተው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ይነሱ ቢባሉ እንቢ፣ አክታው እንዲወጣ ይሳሉ ቢባሉም እንቢ። ጠያቂ የሚባል ደግሞ ዝር ብሎ አያውቅም።

አንድ ጠዋት አዲስ የተመደበች ነርስ ገባችና በሩ ላይ ቆም አለች።

«ጋሼ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን የሰፉልኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ስንቱን ልጅ አልብሻለሁ፤ አንቺን በምን ልለይሽ ልጄ?»

«ገና ታድጋለች ብለው ጫፉን ሰፋ አድርገው ያጠፉልኝ ነኝ።»

ፈገግ ሊሉ ሲሉ ሳል መጣባቸው። ከንፈራቸውን ነክሰው ዋጡት።

«ለምን ይውጡታል?»

«ስፌቱ ይተረተራላ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰፋሁ ሰውዬ፣ የተወጠረ ስፌት ምን እንደሚሆን አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ? በእኛ ጊዜ የታመመ ሰው ይተኛል፣ በቃ።»

በጨርቅ ነገር እሳቸውን የሚያህል አልነበረም። ስህተታቸው የገዛ ሆዳቸውንም ጨርቅ ማድረጋቸው ነው። ነርሷ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጨርቅ ሲቀደድ ራሱን ይጠግናል ጋሼ?»

«የት አባቱ።»

«ሥጋ ግን ይጠግናል። ክሩ ደግፎ ያቆየዋል እንጂ የሚገጥመው ሥጋው ራሱ ነው። ለዚህ ደግሞ ደም መዘዋወር አለበት። ዝም ብለው ከተኙ እግርዎ ላይ ደም ይረጋል። የዋጡት ሳልም አክታው ሳንባዎ ውስጥ ተጠራቅሞ ሌላ በሽታ ያመጣል። ሐኪሞቹ ያዳኑዎትን አልጋው ይገድልዎታል።»

«ያመኛል እኮ።»

«ማመሙንማ ያማል። ማስታገሻውን እሰጥዎታለሁ፤ ከዚያ ትራሱን ቁስሉ ላይ ጠበቅ አድርገው ይዘው ይሳሉ። ቀስ ብለን ደግሞ እንራመዳለን። ሲበረቱ ቤትዎ ይገባሉ።»

ቤት ስትል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ቤት ማን አለኝ? ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ በሩን የምዘጋውም የምከፍተውም እኔው ነኝ። እዚህ እንኳ ሲነጋ እንዴት አደሩ የሚለኝ ሰው አለ። ድኜስ ወዴት ልሂድ?»

ለካ ነገሩ የስፌት ብቻ አልነበረም። ነርሷ ግን ልትሸነግላቸው አልፈለገችም።

«ቤትዎን በሰው ልሞላልዎ አልችልም ጋሼ። ግን ቀጣዩ ክፍል ያሉት ሾፌርም እንደ እርስዎ የሆድ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ናቸው፤ ሳላቸውን እየዋጡ፣ ጠያቂ አጥተው ተኝተዋል። እርስዎም ከአልጋ ካልወረዱ ማንንም እንዴት አደሩ ሊሉ አይችሉም።»

ጋሼ መርፌ ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። ኋላ ማስታገሻውን ዋጥ አድርገው ቆዩና ትራሱን አቅፈው ሳሉ። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ፤ ስፌቱ ግን እንዳለ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በነርሷ ክንድ ተደግፈው በየዕለቱ ኮሪደሩን መራመድ ያዙ። ትንፋሻቸው ተከፈተ፣ የምግብ ፍላጎታቸው ተመለሰ፣ ጉልበታቸውም ጠና። በሽተኛን አትነሳ፣ አትንቀሳቀስ እያልን የምናስተኛ ሁሉ ሐኪሙ የፈቀደውን እኛ ባንከለክል መልካም ነው። የእኛ ድርሻ ክንዳችንን ማዋስና እንዴት አደርክ ማለት ነው።

ጋሼ መርፌ ወደ ባዶ ቤታቸው ሊመለሱ ቀኑ ሲቃረብ፣ ትራሳቸውን ታቅፈው ብቻቸውን የሾፌሩን በር ገፋ አደረጉ።

«እንዴት አደሩ ጌታዬ?»

ሾፌሩ ለመመለስ አፋቸውን ሲከፍቱ ሳል ያዛቸውና ሊውጡት ታገሉ። ጋሼ መርፌ ትራሱን ሆዳቸው ላይ አኖሩላቸው።

«ግድ የለም፣ ይሳሉ። አይተረተርም፤ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ።»