ብርድ የሚያሻው ሽቦ

በ፲፱፻፴፫ ዓ.ም. ጣሊያን መተማን በለቀቀ ሰሞን፣ አቶ ደምለው የጠፋች ላም ሲፈልጉ ከፈረሰው የወታደር ሰፈር ቢደርሱ የእህታቸውን ልጅ ጸዳለን የስልክ ሽቦ ስትጠቀልል አገኟት። ጸዳለ በስደት ዘመን ካርቱም ተምራ፣ ትምህርቷን ለመቀጠል ወደዚያው ለመመለስ የእሳቸውን ፈቃድ የምትጠብቅ ወጣት ናት።

“ምነው ልጄ፣ ይህን ሁሉ ውዳቂ ለምን ትለቅሚያለሽ?”

“አያ ደምለው፣ በደህና ጊዜ መጡልኝ! ይቀመጡና አንድ ነገር ይዩ።”

ቀጭን የብረት ሽቦ ጠምዝዛ ከባትሪ ድንጋይና ከትንሽ አምፖል ጋር አያያዘች። አምፖሉ በራ። ጥምዝዙን ባነደደችው ፍም ላይ ስታደርገው ብርሃኑ ደከመ፤ ውሃ ስታፈስበት መልሶ ደመቀ።

“ብርድ ይወዳል እንዴ?” አሉ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው።

“አዎን። በጋለ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይደክማል። እዚህ የወዳደቀውን የጥይት እርሳስ ግን ከሰሜን ተራራ ቁር እጅግ በባሰ ብርድ ቢያቀዘቅዙት፣ ቅንጣት ሳይደክም ያልፋል፤ የውጭ አገር ሊቃውንት አይተውታል። ጠንካራ ማግኔት ሲያስጠጉበት መንገዱ ይዘጋል፣ ሲያርቁት ይከፈታል። እኔ የማስበው ከዚህ ወዲያ ነው። እንዲህ ያለ በር ብዙ ሺህ ቢገጣጠም፣ የተከፈተውን ‘አዎ’፣ የተዘጋውን ‘አይደለም’ ብለን፣ የመቶ ጸሐፊ ስሌት በቅጽበት የሚጨርስ መኪና አይወጣውም?”

አቶ ደምለው ሳቁ። “በዚህ ሐሩር ብርድ ከየት ታመጫለሽ? ይልቅ እዚሁ ትዳር ያዢ። ስሌቱስ ምን ይበጀናል?”

“ለሽንፋ ውሃ” አለች ቀስ ብላ።

ፊታቸው ተለወጠ። አምና ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ የደጋ ዝናብ ያመጣው ደራሽ ጎርፍ ልጃቸውን አለነን የወሰደው ሽንፋ ወንዝ ላይ ነበር። ሽማግሌው ትምህርት ጠልተው አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ የሚወዱትን ሰው ከዓይናቸው ማራቅ ፈርተው ነው።

“በእጅ አስልተው እስኪጨርሱ ውሃው ያልፋል፣ አያ። መኪናው ቢኖር ግን የደጋው ዝናብ ልክ በስልክ ሲነገረው፣ ጎርፉ የሚደርስበትን ሰዓት አስቀድሞ ያስታውቃል። ከብቱም ሰውም ይተርፋል። በእኔ ዕድሜ ባይሠራ እንኳ የሚሠሩትን አስተምራለሁ።”

“የወሰደሽ አገር ባይመልስሽስ?”

“በየወሩ እጽፍልዎታለሁ።”

“ማን ሊያነብልኝ?”

“እርስዎ ራስዎ። እስክሄድ ፊደል አስቆጥርዎታለሁ።”

አቶ ደምለው አምፖሉን በጣታቸው ነካ አደረጉና፣ “እንግዲያው ዛሬውኑ እንጀምር” አሉ።

ከሁለት ወር በኋላ ከድንበሩ ማዶ ገላባት ድረስ ሸኟት። ጓዟን ወደ ካርቱም በሚሄደው የጭነት መኪና ላይ ጭነው ሲያበቁ ወደ ሾፌሩ ወደ ሷሊህ ተጠግተው፣ “ይህች ልጅ ጎርፍን የሚቀድም መኪና ልትማር ነው” አሉት፤ “አንተ ግን ቀስ ብለህ ንዳ።”