ሦስተኛ ፎቅ የቀረችው ልጅ

እህታችንን ለመሸኘት የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የሕይወት ታሪካቸውን የማነበው ታናሽ ወንድማቸው ነኝ፤ ረዥም ንግግር ስለማይወዱ አሳጥሬ አቀርባለሁ።

እህታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከነርስ እናታቸው፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ዕድሜ ልካቸውን በኖሩበት በዚያው ቤት ተወለዱ። በሕፃንነታቸው የያዛቸው የልጅነት ልምሻ ሁለት እግሮቻቸውን ስላሽመደመደባቸው፣ ትምህርት ቤት የተመላለሱት በአባታቸው ጀርባ፣ አባታቸው ሲደክሙ በእኔ ጀርባ ታዝለው ነበር፤ ካገቡ በኋላም ተራው የባለቤታቸው ሆነ። የወንድን ማጅራት እንደ እኔ የሚያውቅ የለም እያሉ ያስቁን ነበር። የሚያዝላቸው ሰው በጠፋ ቀን ግን መስኮቱ ሥር ተቀምጠው መንገዱን ሲያዩ ይውላሉ።

በእነዚያ ቀናት ለወጣቶች የተጻፉ ልብ ወለዶችን እየተዋሱ ያነቡ ነበር፤ በሁሉም ውስጥ ግን እግሩ የማይሄድ ልጅ ወይ በመጨረሻው ምዕራፍ ተአምር ተደርጎለት ይነሣል፣ አለዚያም ሌሎቹን ለማስለቀስ ይሞታል። ዋሽቶ የሚቀጣ፣ አፍቅሮ የሚቀና፣ እንደ ማንኛውም ልጅ ሰው የሚያስቸግር አንድም አላገኙም፤ ይህም ሆዳቸው ውስጥ ቀረ።

ትምህርታቸውን ጨርሰው በአንድ አሳታሚ ድርጅት በአራሚነት ተቀጠሩ። የሚታረመውን ወረቀት ቤታቸው ድረስ ያመጡላቸው የነበሩት የማተሚያ ቤቱ ፊደል ለቃሚ፣ ወረቀት በሌለበት ቀንም ደረጃውን መውጣት ስላበዙ ትዳር መሠረቱ፤ አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ። ከዚያም የልባቸውን ልብ ወለድ ጻፉ፤ ባለ ታሪኳ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር፣ እግሯ የማይሄድ፣ ምላሷ ግን ለጎረቤት የሚተርፍ ልጅ ነበረች። አሳታሚው፣ ወጣት አንባቢ ተስፋ ይፈልጋልና በመጨረሻ ተነሥታ ካልሄደች አላትምም አሉ፤ እህታችንም ጨርሶ ከሚቀር ብለው፣ እያለቀሱ ልጅቷን አስነሥተው አስኬዷት።

መጽሐፉ ተወደደ፣ ስንቱንም አስለቀሰ። አንድ ቀን በተጋበዙበት ትምህርት ቤት፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠች ተማሪ መጽሐፉን አቅፋ፣ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ጓደኛዬ ነበረች፣ ከዚያ ትታኝ ሄደች ብላ አለቀሰችባቸው። እህታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ መጨረሻውን ልቀይር ብለው ዓመታት ቢለምኑም፣ ውሉ መብቱን ለአሳታሚው የሰጠ በመሆኑ የሚሸጥ መጽሐፍ አይነካም ተባሉ፤ ሰው ባመሰገናቸው ቁጥር በር የተዘጋባቸው ያህል ይጨንቃቸው ነበር፣ ሦስተኛ ፎቅ ከዚህ ይሻላልም ይሉ ነበር። ስለዚህ ለተማሪዎች ሲያነቡ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ መጽሐፉን ይዘጉና ያልታተመውን በቃላቸው ይተርኩ ነበር፤ በዚያኛው መጨረሻ ልጅቷ አትነሣም፣ የሕንፃውን ሰው ሁሉ ጨቅጭቃ ምድር ቤቱን ለራሷ ታስለቅቃለች፣ ከዚያም ማንም ሳያዝላት በገዛ በሯ ትወጣለች። ለእርሳቸው ግን ይህ አልሆነላቸውም።

ባለፈው ክረምት ሳንባቸው ታምሞ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በስልሳ አንድ ዓመታቸው በተወለዱበት ክፍል ዐረፉ፤ ዛሬ ጠዋት በዚያ ጠባብ ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ ተሸክመን አወረድናቸው።

ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ እኔን ወንድማቸውንና መጨረሻዋን ሳይቀይሩላት የቀረችውን ያችን ልጅ ትተው ሄደዋል። ከትናንት ጀምሮ፣ አሁንማ በሰማይ ቆመው ይሄዳሉ እያላችሁ የምታጽናኑን፣ ክፋት እንደሌላችሁ እናውቃለን፤ ግን እባካችሁ ያን ምዕራፍ ደግማችሁ አትጻፉባቸው። እኛ የምንለምነው፣ ፈጣሪ እንደነበሩ፣ ከነማይሄደው እግራቸው ተቀብሎ፣ ደረጃ በሌለው ቤት ነፍሳቸውን እንዲያሳርፍልን ነው።