በሩ ላይ ስለቆመው አሻጋሪ

ክብርት ዳይሬክተራችን ወይዘሮ ኣብረኸት፣ ክቡራትና ክቡራን የቤተ መጻሕፍታችን ባልደረቦች፤

ሥራችሁን አቋርጣችሁ ለስንብቴ እስከዚህ እስከ ሓወልቲ ሰፈር ድረስ ስለመጣችሁ፣ ይህንንም ጋቢ በራሳችሁ እጅ ስላለበሳችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ወይዘሮ ኣብረኸት ስለ እኔ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው። ትሕትና ብዙ አልተማርኩም፤ የተማርኩት ትክክለኛነት ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ዘለዋል፤ የሽማግሌን ክብር ይቀንሳል ብለው ይሆናል። እሱም የቅዳሜው ጨዋታ ነው። ስለዚህ እኔው እናገረዋለሁ።

ለማታውቁት ላስረዳ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከንባብ አዳራሹ ጀርባ ባለችው ክፍል ሁለት ጠረጴዛ ይዘረጋ ነበር። በየጠረጴዛው አንድ ተራኪ ተቀምጦ ያልነበረ ዓለም ፈጥሮ ይተርካል። የቀሩት የየራሳቸውን ሰው ይዘው በዚያ ዓለም ይኖራሉ፤ አንዱ ወታደር፣ አንዷ መድኃኒት ቀማሚ፣ ሌላው ሌባ። ያሰቡት ይሳካላቸው እንደሆነ የሚወስነው በጠረጴዛው ላይ የሚወረወረው ባለቁጥር ኩብ፣ ዳይስ ነው። ዕድሜው የገፋ ሰው እዚያ ምን ይሠራል? እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ድምፃችሁን ቀንሱ ልላቸው ነበር።

በአንዱ ጠረጴዛ ወጣቱ ባልደረባችን ኣረፋይነ ስለ ድንጋይ ምድር ይተርካል፤ በሌላው የካታሎግ ክፍል ባልደረባዬ አብዱልወዱድ ስለ ሐይቅ ምድር። ሁለቱ ዓለማት አማልክቱን፣ የጥንት ነገሥታቱንና ጥንዶቹን ጨረቃዎች ይጋራሉ ተባለ። ቆሜ ስሰማ ግን የዝናቧ እመቤት በአንዱ ጠረጴዛ ሞታለች፤ በሌላው ልጇን ትድራለች።

«ይህ እንዴት ይሆናል?» አልኩ።

«ኣቦይ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አለ ኣረፋይነ።

«ጨዋታ ከሆነ ሕግ አለው።»

አብዱልወዱድ ሳቀና ወንበር ሳበልኝ። «እንግዲያውስ ጋሼ፣ ይቀመጡና ያስታርቁን።»

ተቀመጥኩ። ዜማ የተማርኩት አንዲት ቃል የሳተውን ተማሪ ከመነሻው በሚያስጀምሩ መምህር እግር ሥር ነውና፣ ለሁለቱም ጠረጴዛዎች አንድ ሕግ ደነገግሁ። በአንዱ የተነገረ በሌላውም እውነት ነው፤ መጨመር ይቻላል፣ መሻር አይቻልም። የዝናቧ እመቤትም ከሞተች በኋላ ልጇን የዳረች ሆነች። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ የተሻለ ታሪክ አልነበረንም።

ከዚያ ያ የጦርነቱ ጥቅምት መጣ። አብዱልወዱድ የታመመች እናቱን ሊጠይቅ ደሴ እንደሄደ መንገድ ተዘጋ፣ ስልክም ተዘጋ። የሆነውን ለእናንተ አልተርክም፤ አብረን አይተነዋል። በጨዋታው የጠረጴዛችን መድኃኒት ቀማሚ የነበረችው እኅታችን ለተመድህን፣ መድኃኒት አጥታ በሞት ተለየችን።

ስልክ የተከፈተ ሰሞን አብዱልወዱድ ደወለ።

«ጋሼ፣ አሉ?»

«አለሁ።»

«ሁላችሁም?»

የለተመድህንን ነገርኩት። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወላሂ ጋሼ፣ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ» አለኝ።

«ምን አደረግህ?»

«ቀብሬያችኋለሁ።»

ደሴ ላይ ከልጁ ከሀፊሳና ከሰፈሩ ልጆች ጋር ጠረጴዛ ዘርግቶ ኖሯል። ልጆቹ የድንጋዩ ምድር ሰዎች ድምፃቸው ለምን ጠፋ እያሉ ይጠይቁታል። በመጨረሻ «ሞተዋል» አላቸው፤ በሐይቁ ዳርም ድንኳን አስጥሎ ለየአንዳንዳችን በየስማችን ለቅሶ ተቀመጠ። የእኔው ለቅሶ ከሁሉም የረዘመ እንደነበር ነግሮኛል። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

ይህን ለጠረጴዛችን ስነግር ኣረፋይነ «ይሰረዛ፤ ሳያውቅ ነው የተናገረው» አለ።

«መሻር አይቻልም።»

«ታዲያ ሙት ሆነን ነው የምንጫወተው፣ ኣቦይ?»

«ሙት ሆነን እንጫወታለን።»

«ጥሩ ነው» አለች የመጻሕፍት ውሰት ክፍሏ ናዝሬት፤ «ሙታን ለነዳጅ አይሰለፉም።» ከስንት ጊዜ በኋላ ያን ቀን ሳቅን።

እንዲህ ሆኖ የድንጋዩ ምድር የሙታን አገር ሆነ። በደሴው ጠረጴዛ የሞተ ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል። የአብዱልወዱድ ሰው አሻጋሪ ነው፤ ሙታንን በጀልባ አምጥቶ ከበራችን ያደርሳል፣ እሱ ግን ሳይገባ ይመለሳል። በረኛው ደግሞ የእኔ ሰው ነው፤ ከእኔ በቀር በሩን የሚከፍት የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ይደውልልኛል። «ጋሼ፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ ልኬብዎታለሁ። ሰካራም ነው፣ ግን ሥራ ያውቃል፤ እንዳያሳፍሩት።» እኔም ተቆጥቼ አስገባለሁ። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ስንል የእናቱ ሕመም አሰረው፤ በአካል ዳግም አልተያየንም።

በመውሊድ ሰሞን በእሱ ስልክ የደወለችው ሀፊሳ ነበረች። አብዱልወዱድ በድንገተኛ ሕመም ዐርፎ፣ ቀብሩም አልፎ ነበር።

ከሐዘኑ በኋላ ደግማ ደወለች። «ጋሼ፣ የአባቴ ሰው ጀልባውን አስሮ በርዎ ላይ ቆሟል። ልጆቹ ገባ ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው?»

«ቆዩ በያቸው» አልኳት።

እስከ ዛሬ ቆዩ እንዳልኳቸው ናቸው። ኣረፋይነ በጠረጴዛው ዘንድ «በረኛው ታሟል» እያለ ይሸፍንልኛል። ለምን አልከፈትኩም? በሩን ከከፈትኩለት አብዱልወዱድ ሞቷል ማለት ነው። መሻር አይቻልም ያልኩትም እኔው ነኝ። በሩ ላይ ቆሞ እስካለ ድረስ ግን፣ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ሊጮኽ ይችላል።

ነገ ዓዲግራት ወደ ልጄ ጠቅልዬ እሄዳለሁ። እንግዳን በር ላይ አቁሞ መሄድ ግን ነውር ነው፤ የመጣውም እንግዳ አይደለም።

ናዝሬት ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ በረኛዋ አንቺ ነሽ። ኣረፋይነ፣ አሁን የምናገረው በጠረጴዛው ፊት እንደተነገረ ይቆጠር፤ ለሀፊሳም ንገራት።

በሩ ተከፍቷል። አሻጋሪው ገብቷል። በረኛው እንደ ሌሎቹ ስምህ ማነው ብሎ አልጠየቀውም፤ እጁን ያዘው፣ ቁልፉን ለተተኪው ሰጠ፣ አብሮትም ገባ። ጀልባዋን ከእንግዲህ ሀፊሳ ትቅዘፍ።

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ አሁን ምርቃቴን ተቀበሉ።

ሁላችሁንም ፈጣሪ እንደየእምነታችሁ ይጠብቃችሁ። የያዛችሁትን ሥራ ለፍጻሜ ያብቃላችሁ። ወጥቶ የቀረባችሁን በደኅና ይመልስላችሁ። ከወዳጅ ድምፅ የሚለይ ዘመን ዳግም አይምጣባችሁ። የምትወዱትም ሰው ዝም ያላችሁ እንደሆነ፣ ሥራ በዝቶበት፣ ወይም እንቅልፍ ጥሎት ይሁን።

ደኅና ሁኑ።