አታክ እና ቃሬዛ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄድ ሚኒባስ፣ ከሆስፒታል የወጡ አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ ከአንዲት ተማሪ ጋር ያወራሉ።

«ትማሪ የለ፣ ልጄ? ሐኪሙ ‹አታክ› አለኝ፤ ምን ማለት ነው?»

«ጥቃት ማለት ነው፣ አባባ። ሕመም በድንገት ሲነሳም አታክ ይሉታል። ልብዎን ነው?»

«ልቤን። ማሳዬ ላይ ወደቅሁ።»

«ማን አደረሰዎት?»

«በድንበር የከሰስሁት ጎረቤቴ። ቃሬዛውን ከፊት ይዞ፣ ሌሎቹ ተራ ቢጠይቁት እምቢ ብሎ፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ።»

«ከሰውት እያለ!»

«ከስሼው እያለ! ‹ዋ! ብትሞትብኝ ከማን ጋር ልሟገት ነው?› እያለ ይቆጣኛል።»

«ታዲያ ክሱስ?»

«አሁን ወርጄ በቀጥታ እሱ ቤት ነው። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ክሱን አነሳለሁ፤ ድንበሩን ራሱ ይትከለው።»

ማንኩሳ ስንደርስ «ወራጅ አለ!» አሉ።

እኔም ጎረቤቴን በድንበር ልከስ ማንኩሳ ወራጅ ነበርሁ፤ ግን ‹ወራጅ አለ› ሳልል ቡሬ ድረስ አለፍሁ።