ቆየኝ፣ ይመጣል

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የአፍንጮ በር የዕድር ሰዎች፣ የፒያሳ ልጆች፣ እህቴ ምብራት፣ ልጃችን ጸሎት፤ ፀሐዩ እንደከበዳችሁ አውቃለሁ። አባይነህን አፈር ሳናለብሰው ጥቂት ብቻ ታገሡኝ።

ለማታውቁኝ፣ ሙደሲር ነኝ። ፒያሳ ኬክ ቤት፣ ማኪያቶ ማሽኑ ላይ የምቆመው። አባይነህ አስተናጋጅ፣ እኔ ባንኮኒ ውስጥ። እሱ ይጣራል፣ እኔ እቀዳለሁ። ዕድሜያችን እንዲህ ነው ያለቀው።

አባይነህ ሲጣራ ያልሰማ አለ? ከአራት ኪሎ የቢሮ ሰዎች ግር ብለው ይገባሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያዛል። እሱ ወረቀት አያውቅም። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይሰማል። ከዚያ ከመሃል ቤት፣ «ሙዴ! ሁለት ማኪያቶ፣ አንዱ ጠቆር፣ አንዱ ነጣ! ሻይ ቀጠን ያለ! አንድ ስፕሪስ! ለጋሼ ወተት፤ ቡና ሚስታቸው ከልክላቸዋለች!» ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ማን ፊት ምን እንደሚቀመጥ ተሳስቶ አያውቅም። ተሳስቶ አያውቅም!

ከዚያ ያ ራስ ምታት መጣ። የጭንቅላት ዕጢ ነው ተባለ። ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ ጨረር ተሰጠው፣ ዳነ። እልል አልን፣ በግ አረድን። ከሞትስ በእርግጥ ድኗል። ግን ያ የምናውቀው ሰው ሙሉ በሙሉ ተመለሰ ወይ?

ወደ ሥራ የተመለሰ ዕለት ማሽኑን አሙቄ ጠበቅሁት። መጥቶ ፊቴ ቆመ። «ሙዴ... አንድ...» አለ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከኋላው ሰው ያጨበጭባል፣ ብርጭቆ ይንኳኳል። «ማኪያቶ?» አልኩት። እጁን አነሣ።

«አትንገረኝ። ቆየኝ፣ ይመጣል።»

ቆየሁት። መጣ። ሻይ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ኖረ። ሐኪሙ ለሚስቱ ለምብራት ነግሯታል። ዕጢው ቢወጣም፣ ሕመሙና ሕክምናው አእምሮ ላይ ጥለውት የሚሄዱት ነገር አለ። ቶሎ ይደክመዋል፤ ቃል ይጠፋበታል፤ ሁለት ሰው አንድ ላይ ካወራ አንዱንም አይሰማም። የውጪውን ጠባሳ ቆቡ ሸፈነው። የውስጡን ማን አየው? «ድኖ የለ እንዴ!» ተባለ። «ኮራ» ተባለ። እውነት ኮርቶ ነበር? «እንዴት ነህ? ቤት ደህና? ልጅ ደህና?» ብላችሁት እልፍ ስትሉ፣ እሱ ገና የመጀመሪያዋን እየመለሰ ነበር። እኔ ሰምቼዋለሁ። ሰዉ ከሄደ በኋላ ብቻውን ቆሞ፣ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ፒያሳ ስትፈርስ እኛ ትዝታ ነው የጎደለብን። እሱ የቤቱ መንገድ ነው የጠፋበት። በየማዕዘኑ ምልክት ነበረው፣ ምልክቶቹ ሄዱ። ልጁ ጸሎት ናት እጁን ይዛ እንደ አዲስ ያስለመደችው።

አቶ አርአያ፣ ይፍቀዱልኝና ያን ቀን ላንሣው። እናታቸው ያረፉ ጊዜ ነው። ከኬክ ቤት አብረን ወጣን። እስከ አፍንጮ በር ድረስ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ፣ እግዚአብሔር ያጥናችሁ» እያለ ይለማመዳል። ድንኳኑ ጢም ብሏል፤ ለቅሶው፣ ጫጫታው። ገባ። የአቶ አርአያን እጅ ያዘ። አፉ ግን «እንኳን ደስ አላችሁ» አለ።

«ሰክሯል!» አለ አንዱ። ጎረምሶች ብብቱን ይዘው አወጡት። እሱ እየተጎተተ፣ «ቆዩኝ! ይመጣል፣ ቆዩኝ!» ይላል። ማን ይቆየዋል? ሮጬ ስደርስበት ቆርቆሮ አጥር ሥር ቆሞ ያለቅሳል። ቃሉ መጥቶለታል። «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ይላል። ለአጥሩ።

ከዚያ ወዲህ ድንኳን ውስጥ አላያችሁትም። «ለቅሶ አይደርስም» ተብሎ ዕድሩ አስጠርቶ ገሥጾታል። ግን እስቲ ንገሩኝ፤ በየለቅሶው ገና በማለዳ፣ ሰው ሳይመጣ፣ አግዳሚውን ደርድሮ የሚሄደው ማን ይመስላችሁ ነበር? ዘበኛው? አባይነህ ነው። አግዳሚ ቃል አይጠይቅም። እሱ ደርድሮ ነው እናንተ የተቀመጣችሁት። ምብራት ይህን የነገረችን ትናንት ነው። ዛሬ ጠዋት የአባይነህን ድንኳን አግዳሚ አቶ አርአያ ብቻቸውን ደረደሩ። እናግዝዎ ብንላቸው ማንንም አላስነኩም።

ዘንድሮ ዕጢው ተመለሰ። የመጨረሻው ቀን አልጋው አጠገብ ነበርኩ። እጄን ይዞ ትክ ብሎ አየኝ። «ሙዴ...» አለ። «ቆየኝ...» ጆሮዬን አፉ ላይ አስጠጋሁ። ቆየሁት። ወላሂ ቆየሁት። አልመጣም። ምን ሊለኝ ነበር? ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ይሄው ነው ሆዴን የሚበላኝ።

አባይነህ፣ ወንድሜ። ያቺን ቃል ይዘሃት ሂድ። እዚያ የሚያጨበጭብብህ የለም፤ ቃልህን ከአፍህ የሚነጥቅህ የለም። እስክትመጣልህ አርፈህ ተቀመጥ። ለሌላ ሰው ግን አትንገርብኝ፣ የኔ ናት። እኔ ስቆይህ ኖሬአለሁ። አሁን ተራው ያንተ ነው።

ቆየኝ። እመጣለሁ።