ሆስፒታል ሲያማርጥ

ሊምቤ ከተማ በትምባሆ መጋዘን ኃላፊነት የሚሠራው ላሜክ፣ ዞምባ ከተማ የደረሰው እናቱ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ከአራት ቀን በኋላ ነው። የመጠየቂያው ሰዓት ገና መጀመሩ ነበር። በመንግሥት ሆስፒታሉ የሴቶች ክፍል በር ላይ ቆሞ በዓይኑ ፈለጋት። እናቱ ኤሊናቲ መስኮቱ ጥግ ካለው አልጋ ላይ ቺቴንጄ የሚሉትን ባለቀለም የማገልደሚያ ጨርቋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ትራስ ተደግፋለች። ታላቅ እህቱ ፋሌሲ የበቆሎና የኦቾሎኒ አጥሚት እያማሰለች ታቀዘቅዛለች። አጠገቧ ሊነስ አለች፤ የጎን አልጋ ላይ የተኛች ልጇን የምታስታምም ሴት ናት። ሁለቱ ሳምንቱን ሙሉ በአስታማሚዎች ማረፊያ አንድ ምድጃ ላይ ሲያበስሉ ሰንብተዋል።

ላሜክ የፖም ፌስታል አንጠልጥሎ ገባ፣ እናቱን ሳመ። ፋሌሲ «ደህና ዋልክ» አለችና ወንበሩን በእግሯ ገፋ አደረገችለት። ከዚያ ፊቷን ወደ ሊነስ መለሰች።

«ዛሬ እንኳ ፀሐይ ወጣልን፣ አይደል ሊነስ? ጠዋት ያሰጣሁት ልብስ ይሄኔ ደርቋል። እስቲ ይቺን ቅመሺልኝ፤ ስኳሩ አልበዛም? ... እኔ የምልሽ፣ ልብስ ስል ትዝ አለኝ። አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ እንደተተኮሰ ነው። እናቱን አወዳደዱ! እንደሱ የሚወድ አላየሁም። እናቱ የውሃ ፓምፑ ጋ አዳልጧት ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። አዎ... ልክ እንደኛዋ። ይገርማል አይደል? እህቱ ስትደውልለት ምን አለ መሰለሽ? ‹እናቴን የመንግሥት ሆስፒታል? አንድ አልጋ ላይ ለሁለት? በፍጹም! የግል ነው የማሳክማት› አለ። ክብሩን ተመልከችልኝ!»

ላሜክ ተቀመጠና ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ታዲያ የግል ሆስፒታል ዝም ተብሎ ይገባል እንዴ? ማማረጥ አለ። መጀመሪያ ያየው መጋረጃው አላማረውም። እናት በደበዘዘ መጋረጃ ትታከማለች? ሁለተኛው መጋረጃው ግሩም ነው፤ ግን መኪና ማቆሚያው ጠበበው። ለእናቱ ብሎ እኮ ነው... እናቱ መኪና የላትም እንጂ። ሦስተኛው ጋ ሻይ አቀረቡለት፣ ያውም በሸክላ ስኒ። የሐኪሙን ፎቶ ሳይቀር በስልክ ላከ፤ ከረቫት ያሰሩ፣ ፈገግ ያሉ ሰው። ‹የሚሠሩላት እኚህ ናቸው፣ ታገሡኝ› አለ። እናቲቱም ሰሌን ላይ ተኝታ ፎቶውን ስትስም ትውላለች። ... ስንት ቀን አትይኝም? አሥራ ሁለት! የሚወድ ሰው አይቸኩልማ።»

ሊነስ አቀርቅራ የልጇን አንሶላ ማስተካከል ጀመረች። ላሜክ ወደ እህቱ ዞረ። አባታቸው የሞተው ከስምንት ዓመት በፊት እዚሁ ሆስፒታል፣ ኮሪደር ላይ ወረፋ ሲጠብቅ ነው። ላሜክን በእነዚያ አሥራ ሁለት ቀናት ሁሉ ይታየው የነበረው ያ ኮሪደር ነው። ይህን ሊላት አሰበ። ግን ያኔ የአባታቸውን ጭንቅላት ታቅፋ የነበረችው ፋሌሲ ናት።

«ደግሞ ለራሱም እንዲህ የሚጠነቀቅ እንዳይመስልሽ!» ቀጠለች። «አምና የእግሩን ጣት በር ቢመታው፣ ምንም ሳያማርጥ በዚያኑ ቀን የግል ሆስፒታል ገብቶ ተኛ። ለራሱ ግድ የለውም እኮ! ማቆሚያው ይጥበብ፣ ይስፋ... የት አይቶት! ጣቷስ ተመስገን፣ ድናለች።»

ኤሊናቲ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ዳሌዋን ይዛ አቃሰተች፤ ሆኖም ዓይኖቿ አሁንም ይስቃሉ።

«እህትየው ግን ያልተማረች ናት፤ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረባትም። በአሥራ ሦስተኛው ቀን በቆሎ የሚጭን መኪና ላይ አሳፍራ ወደ መንግሥት ሆስፒታል አመጣቻት። አልዋሽሽም፤ ሁለት ቀን ወለል ላይ፣ በአልጋና በአልጋ መሐል ተኛች። በሽተኛው ስልሳ፣ ነርሷ አንድ። ጓንቱንም ከውጭ ግዙ ተባሉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቀዶ ሐኪሙ የጎማ ቦት አድርገው ከተፍ አሉ። እህትየው አየቻቸው... ደግማ አየቻቸው... ስልኳን አወጣች። ሰውየው! የፎቶው! የጎደለው ከረቫቱ ብቻ። ለካ ጠዋት ጠዋት እዚህ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ነው እዚያ... ከሻዩ ጋር።»

ላሜክ ቀና አለ። ይህን ማንም አልነገረውም ነበር። እህቱን አያት፤ እሷ ግን አጥሚቱን ነው የምታየው።

«እጃቸው ይባረክ፣ አሳምረው ሠሩላት። ‹በመጀመሪያው ሳምንት መጥታ ቢሆን እግሯ ባላጠረ› አሉ እንጂ። ያው ትንሽ ነው... ሁለት ጣት ያህል። ምን ይደረጋል? ድሮም ስትራመድ የሚደርስባት አልነበረም። አሁን ልጇም ይደርስባታል።»

ክፍሉ ውስጥ የሌሎች ጠያቂዎች ወሬ ይሰማል። ላሜክ ፖሙን ኮሞዲኖው ላይ አስቀመጠ። ተነሥቶ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከ፤ በተተኮሰ ሱሪው። ከፋሌሲ እጅ ሳህኑንና ማንኪያውን ወሰደ። የመጀመሪያው ማንኪያ ከመጠን በላይ ሞልቶ ግማሹ እናቱ ቺቴንጄ ላይ ፈሰሰ። ኤሊናቲ በአውራ ጣቷ ጠረገችውና እንደ ሕፃን አፏን ከፈተችለት። ሁለተኛው በደንብ ገባ። ሦስተኛውም።

ፋሌሲ ትንሽ አየችው። ሳምንቱን ሙሉ የቆመችበት እግሯን ዘርግታ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስትናገር ድምፅዋ ለሰስ ብሎ፣ እንደ ማር ጣፍጦ ነበር።

«እኔ እንኳ ለዚያ ሰው ሳልጸልይ የዋልኩበት ቀን የለም ሊነስ። እንደሱ ያለ ልጅ ከየት ይገኛል? ዕድሜ ይስጠው። ፀጉሩ ነጥቶ፣ ጉልበቱ ደክሞ፣ የልጅ ልጅ አይቶ ይኑር። ያኔ የሰው እጅ ሲያስፈልገው... ልጆቹ ሁሉ እሱን ይውጡለት! እሱ ለእናቱ እንደሆነላት፣ እነሱም ለእሱ ልክ እንደዚያው ይሁኑለት። አሜን በሉ እንጂ!»