ጥፋቱን አንቺ ውሰጂው

የምሠራው መስቀለኛው መንገድ ዳር ባለች አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ልማዴ ስለሆነ፣ አሠሪዬ «አንተ ደመወዝህን የምትበላው በዐይንህ ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው። ያን ማክሰኞ ረፋድ ግን ዐይኔ ለሰው ጠቀመ።

ካፊያ ነበር። አንዲት አሮጌ ነጭ መኪና ቀይ መብራት ላይ በሥርዓት ቆማለች። ከኋላዋ የመጣ የዳቦ ማመላለሻ መኪና ፍሬን ቢይዝም አስፋልቱ አንሸራተተውና ጓ አድርጎ ገጫት። የነጯ የኋላ መብራት ረገፈ፤ የዳቦው መኪና የፊት መብራትም አልተረፈም።

ከነጯ መኪና የወረደችው ገና አሥራ ስምንት ዓመት የሆናት ልጅ ናት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን በቀጥታ ወደ ዳቦ ነጂው ሄዳ «እኔን! ተጎድተዋል ወይ?» አለችው። ግንባሩን ከማሸት በቀር ደኅና መሆኑን ስታይ የማስጠንቀቂያ ምልክቱን አውጥታ ከኋላ አቆመች፤ ሁለቱን መኪናዎች ከነታርጋቸው በስልኳ አነሳች፤ ትራፊክ ፖሊስ ጋም ደወለች። ትራፊኩ ሌላ አደጋ ላይ ስለሆነ አንድ ሰዓት ያህል ጠብቂ አላት። ቀጥላ ነጂውን የኢንሹራንስ ወረቀቱን ጠየቀችው።

ነጂው ኪሱን ዳበሰ፤ መሳቢያውን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋ። ከዚያ ዞር ብሎ ስልክ ደወለ። የደወለው ለልጅቱ አጎት ነው፤ የአንድ ሠፈር ሰዎች ስለሆኑ ይተዋወቃሉ።

አጎቷ የታወቁ ግንበኛ ናቸው። ባልና ሚስት ቢጣላ፣ ወሰን ቢያጨቃጭቅ፣ ለሽምግልና የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሲሚንቶ የለበሰች ፒክአፓቸውን አቁመው፣ ዝናቡን ሽሽት ሁለቱንም ይዘው ወደ እኔ ክፍል ገቡ።

«ወረቀት አውጣ» አሉኝ፣ እንደ ሰላምታ። ወንበር ስበው ተቀመጡና ወደ ልጅቱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ነገር አናክርርም። ይህ ሰው የሠፈራችን ልጅ ነው፤ ሦስት ልጆች ያሳድጋል። ኢንሹራንስ የለውም። ትራፊኩ ይህን ካወቀ መኪናውን ያስርበታል። አንቺ ግን ኢንሹራንስ አለሽ። ስለዚህ ጥፋቱን አንቺ ውሰጂው። ወደ ኋላ ስመለስ ገጨሁት ብለሽ ትፈርሚያለሽ፤ ኢንሹራንሱ የሁለታችሁንም ያሠራል። ትራፊኩ ሲመጣ ተስማምተናል ብለን እንሸኘዋለን። ማንም አይጎዳም።»

«አልፈርምም፣ አጎቴ» አለች።

«ቀስ ብለሽ ስሚኝ እንጂ።»

«ሰምቻለሁ። ስለሰማሁ ነው የማልፈርመው።»

ነጂው ገባበት። «እህቴ፣ አንቺ ራስሽ ከመኪና ስትወርጂ ‹እኔን› ብለሽኛል እኮ። ያላጠፋ ሰው እኔን ይላል?»

«ጋሼ፣ ግንባርዎን ሲያሹ አይቼ ነው። ድመት ከግንብ ስትወድቅም እኔን እላለሁ፤ ድመቷን ግን እኔ አልጣልኳትም።»

ሳቄ ስላመለጠኝ ወረቀት የምፈልግ መስዬ ከማተሚያው ኋላ ጎንበስ አልኩ።

ሽማግሌው አልሳቁም። ክፉ ሰው ሆነው እንዳይመስላችሁ። እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች ጠብን የሚያዩት እንደ እሳት ነው፤ ይጥፋ እንጂ በምን ውኃ እንደጠፋ አይጠይቁም።

«እኔ ያሳደግኳት ልጅ እንዲህ ትጨክናለች ብዬ አላስብም ነበር» አሉ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል አልሰማሽም?»

«ጎረቤቴ መሆናቸውን መች ካድኩ? ግን አጎቴ፣ መንጃ ፈቃዴ የሙከራ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጥፋት ከተመዘገበብኝ ይሰረዛል። ሰኞ ለክሊኒኩ መድኃኒት ማመላለስ እጀምራለሁ፤ ከእኔ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ንጹሕ መዝገብ። ማንም አይጎዳም ሲሉ እኔን ከሰው አልቆጠሩኝም ማለት ነው?»

«ሥራ ሌላ ይገኛል። ደግሞም ለሴት ልጅ ሹፌርነት...»

«ይቺን ባይጨርሷት ይሻላል፣ ስለማከብርዎ ነው።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሌላ መንገድ ሞከሩ።

«እሺ፣ የኢንሹራንስ ገንዘብ የማን ነው? የድርጅት ነው። ድርጅት ልጅ የለው፣ አያለቅስ።»

«እናቴ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ እያመሸች በየዓመቱ የምትከፍለው ነው። የእሷ፣ የእርስዎ፣ የባለታክሲውም መዋጮ ነው፤ ክፉ ቀን ለደረሰበት የተቀመጠ። በውሸት በነካነው ቁጥር የሁላችንም ክፍያ ይወጣል። ደግሞስ ይህ ውሸት ያስኬዳል? ቀይ መብራት ላይ የቆመ ሰው ወዴት ብሎ ነው ወደ ኋላ የሚመለሰው? ቢደረስበት የእናቴ ውል ይሰረዛል፤ እኔም እከሰሳለሁ።»

ነጂው ቆቡን በጣቱ እያሽከረከረ «ነገ ዛሬ እያልኩ አራት ወር አለፈኝ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «አንዴ ጎማ፣ አንዴ የልጅ ትምህርት ቤት። ቤቴን ልታፈርሺው ነው፣ እህቴ።»

ልጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ለሰለሰ፤ ቃሏ ግን አልለሰለሰም።

«ጋሼ፣ ዛሬ የገጩት ብረት ነው። ነገ የሰው ልጅ ቢሆንስ? እኔ አሁን ብፈርምልዎ፣ ነገ ጠዋት ያለ ኢንሹራንስ ዳቦ ጭነው ይወጣሉ። አይወጡም?»

ነጂው ቆቡን መልሶ ራሱ ላይ ደፋ።

«ሟርት አታውሪ» አሉ አጎቷ።

«ሟርት አይደለም። እርስዎ ራስዎ ያዩት ነገር ነው። ከመወጣጫው ላይ የወደቀውን የቀን ሠራተኛ ያስታውሳሉ?»

ሽማግሌው ወደ ወለሉ አዩ።

«ያን ጊዜም ወረቀት ምን ያደርጋል ተባለ» ብላ ቀጠለች። «አሠሪው ‹እኔ አለሁለት› አለ፤ እርስዎ መሐል ገብተው አጨባበጧቸው። እኔ ሕፃን ነበርኩ፤ ቤት መጥተው በደስታ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ስንት ወር አሳከመው?»

«ሁለት» አሉ። «በሦስተኛው ስልኩን ማንሳት ተወ።»

«እግሩስ?»

«ያነክሳል።» ሲሚንቶ የጠጣ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አሹ። «ባገኘኝ ቁጥር ከሁሉ ቀድሞ ሰላም የሚለኝ እሱ ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

ከዚያ በድንገት ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ መስኮት ላይ የምትውል ነህ ይባላል። አይተሃል?»

እኔ ሰው መሐል ቃል ለማውጣት የምፈራ ሰው ነኝ። ልጅቱ ግን አላባበለችኝም፤ ፊት ለፊት አየችኝ።

«አይቻለሁ» አልኩ። «መብራቱ ቀይ ነበር። እሷ ቆማ ነበር። ከኋላ መጥተው የገጯት እሳቸው ናቸው።»

ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

«ደግነቴን በልጅቱ ስም ልሠራው ነበር» አሉ። «ከራሴ ላይ አንድም ነገር ሳልነካ።» ወደ ነጂው ተጠጉ። «ስማኝ ወንድሜ። ትራፊኩ እስኪመጣ እንጠብቃለን። የሆነውን እንደሆነ ትናገራለህ፤ ቅጣትህንም ትቀበላለህ። መኪናህ እስኪለቀቅ ድረስ በየጠዋቱ ዳቦህን በእኔ ፒክአፕ እናደርሳለን።»

«ሲሚንቶ በሚጫንባት?»

«ታጥባታለህ።»

ነጂው አንዴ ሽማግሌውን፣ አንዴ ልጅቱን አየ። ደስ ብሎት እሺ አላለም፤ የሚለው ስላጣ ነው እሺ ያለው። እኔም ወረቀቱን አስገብቼ ልጅቱ የነገረችኝን ጻፍኩ፤ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የሁለቱን ታርጋ፣ ያየሁትንም ጨምሬ። አንብባ ፈረመች፤ እኔም በምስክርነት ፈረምኩ። ትራፊኩ ሲመጣ ለክርክር የተረፈ ነገር አልነበረም።

አሁን እውነት መናገር ምን እንዳተረፈ ልንገራችሁ። ልጅቱ ሰኞ ሥራዋን ጀመረች። የእናቷ ኢንሹራንስ ነጯን መኪና አሠርቶ ወጪውን ነጂው በየወሩ ጥቂት በጥቂት እንዲመልስ አደረገ። ነጂው ተቀጣ፤ መኪናውም ዘጠኝ ቀን ታሰረ። ዘጠኙን ጠዋት ግንበኛው ጎሕ ሳይቀድ እየተነሡ ዳቦ አደረሱ፤ ሱቆቹ ደጃፍ ሲቆሙ «ጋሼ፣ ዛሬ ዳቦ ነው ወይስ ጡብ?» እየተባሉ ተቀለደባቸው። በዐሥረኛው ቀን ነጂው መኪናውን ሊያወጣ ሲሄድ የአዲስ ኢንሹራንስ ወረቀት በእጁ ይዞ ነበር።

ይህ በሆነ በአምስተኛው ወር፣ ያው የዳቦ መኪና በብስክሌት የሚሄድ ተማሪ ነካ። የልጁ ክንድ ተሰበረ። ኢንሹራንሱ ለሆስፒታሉ ከፈለ፤ ክንዱ ተጠገነ። የልጁ አባትና ነጂው ዛሬ ሲገናኙ ቆመው ይጫወታሉ፤ አንዱ የሌላውን ደጅ አልጠናም፣ አንዱም ስልክ አልዘጋም። ጉርብትናን ያቆየው ውሸት ሳይሆን ያቺ ወረቀት ናት። ይህንን የሚያነብ ወላጅ መሪውን ለልጁ ከመስጠቱ በፊት ይህንንም ያስተምረው፤ ስትጋጭ አስቀድመህ ሰውን አድን፣ ያየኸውን መዝግብ፣ ሕግን ጥራ፣ ያላጠፋኸውን ጥፋት ግን ለማንም ሽማግሌ ብለህ አትቀበል።

በሠፈሩ እስከ ዛሬ «ጎረቤቷን ለትራፊክ የሰጠች» የሚሏት አሉ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰዎች የምሠራበት ቤት ደጃፍ ቆመው ይህንኑ ሲያወሩ፣ የክሊኒኩ መኪና መብራት ይዟት ከፊታቸው ቆማ ነበር። ልጅቱ መስኮቷን ዝቅ አደረገች።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለቻቸው። «ወሬውን ለምን መሐል ላይ ታቆማላችሁ? ከዚያ በኋላ የሆነውንም አውሩት እንጂ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ መድኃኒቷን ይዛ ሄደች።